የጠፋው ፓኬት በማን እጅ ቀረ?

ልጄ፣ የሊኑክስ ከርነል ኔትወርክ ክፍል ሜሞሪ እያፈሰሰ ነው ብለሽ ጠርጥረሽ ምክር ጠይቀሻል። በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የመሣሪያ ስም ይደረድሩልሻል። መሣሪያውም ያስፈልጋል፤ ስለ እሱም አነሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ያዢልኝ። ከርነል ውስጥ የሚመደብ እያንዳንዱ የሜሞሪ ቁራጭ አደራ ነው። አደራውን የተቀበለ ፋንክሽን ወይ ይመልሰዋል ወይ ለሌላ ያስረክበዋል። ሜሞሪ የሚያፈሰው ርክክቡ ላይ ሁለቱ ወገኖች ሳይግባቡ ሲቀሩ ነው፤ ሰጪው አስረክቤያለሁ ብሎ ይሄዳል፣ ተቀባዩ ደግሞ አልተረከብኩም ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ "ይህ ፓኬት በመጨረሻ በማን እጅ ነበር?" የሚለውን ጥያቄ ከአእምሮሽ አታውጪ። ከታች የምጽፍልሽ ሁሉ ይህን ለመመለስ ነው።

1. ማሽኑን ሪስታርት ለማድረግ አትቸኩዪ። ሰርቨሩ ሲንቀራፈፍ ዙሪያሽ ያለው ሰው ሁሉ "አጥፍተሽ አብሪው" ይልሻል። አገልግሎቱን መመለስ ግድ ከሆነ መልሺ፤ ከዚያ በፊት ያለችውን ጥቂት ጊዜ ግን ማስረጃ ሰብስቢባት። ፕሮክ ከሚባለው ማውጫ ሜምኢንፎን፣ ስላብኢንፎንና የኔትወርኩን ሶክስታት ገልብጪ፤ የከርነሉን መልእክቶች ጨምሪ፤ ሁሉንም ወደ ሌላ ማሽን አሻግሪ። ኬዳምፕ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ከሆነ የሜሞሪውን ሙሉ ቅጂ አስቀሪ። ለምን እንደሚጠቅም በ7ኛው ምክር ታገኚዋለሽ። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ይህ ሁሉ ይጠፋል፣ ስህተቱ ግን ኮዱ ውስጥ እንዳለ ነው። በየሌሊቱ ሰርቨሩን የሚያስነሳ ትእዛዝ ጽፈው ጉዳዩን የሚረሱ ሰዎች አሉ። ትራፊኩ ያደገ ዕለት ሌሊቱ ሳይደርስ ሜሞሪው ያልቅባቸዋል።

2. በእርግጥ ሊክ መሆኑን ሳታረጋግጪ ኮድ አትክፈቺ። እያደገ የሚሄድ ሜሞሪ ሁሉ የሚያፈስ አይደለም። ሊኑክስ ባዶ ሜሞሪ ካገኘ የተነበቡ ፋይሎችን ያከማችበታል፤ ሌላ ሥራ ሲመጣ ይለቅቀዋል። ሜምኢንፎ ውስጥ የስላብ፣ ማለትም ከርነሉ ለራሱ ዕቃዎች የሚመድበው ሜሞሪ፣ መጠን ሊመለስ የሚችልና የማይችል ተብሎ ተከፍሎ ይታያል። አንቺን የሚመለከትሽ ኤስአንሪክሌም የተባለው፣ የማይመለሰው ነው።

እሱም ቢሆን ያሳስታል። ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርሽ። ፋየርዎል ያለበት ሊኑክስ የሚያልፍበትን እያንዳንዱን ግንኙነት ኮንትራክ በተባለ ሰንጠረዥ ይመዘግባል። አንድ የተመሠረተ የቲሲፒ ግንኙነት በወጉ ሳይዘጋ ቢቀር፣ መዝገቡ ሰንጠረዡ ላይ የሚቆየው ማንም መቼቱን ካልቀየረው 432,000 ሰከንድ ነው፤ ይህም 5 ቀን ማለት ነው። ሰኞ የተነሳ ማሽን እስከ ቅዳሜ ሳያቋርጥ ሜሞሪ ሲወስድ አይተሽ "አገኘሁት" ትያለሽ፤ እሑድ ላይ እድገቱ ይቆማል። ያ ሊክ አይደለም። ሌላው ደግሞ የደረሰለትን መረጃ የማያነብ ፕሮግራም ነው፤ ከርነሉ ፓኬቶቹን በሶኬቱ ወረፋ ላይ ይዞለት ይጠብቃል። እዚያ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው እንጂ የከርነሉ አይደለም፤ ኤስኤስ የተባለው ትእዛዝ በኤም አማራጭ ሲጠራ እያንዳንዱ ሶኬት የያዘውን ሜሞሪ ያሳይሻል።

መለያው ፈተና ቀላል ነው። ትራፊኩን አቁሚ፣ ፕሮግራሞቹን ዝጊ፣ የኮንትራኩን ሰንጠረዥ አጽጂ፣ ትንሽ ታገሺ። ሜሞሪው ከተመለሰ ወረፋ ነበር። ካልተመለሰ፣ ትራፊኩን ለቅቀሽ ስታቆሚ በየዙሩ እንደ አዲስ ከፍ ካለ፣ ያኔ ሥራሽ ተጀመረ።

3. የሚያድገውን ነገር በስሙ ለይተሽ እወቂ፣ ፍጥነቱንም አስዪ። ስላብቶፕ እያንዳንዱ የከርነል መጋዘን ስንት ዕቃ እንደያዘ ያሳይሻል። የፓኬቱ መዝገብ፣ ማለትም በኔትወርክ ሰዎች አፍ ኤስኬቢ የሚባለው፣ የራሱ መጋዘን አለው፤ በ64 ቢት ማሽን ላይ አንዱ 256 ባይት ያህል ይይዛል። የፓኬቱ ይዘት ደግሞ ለብቻው ይመደባል፤ 1,500 ባይት ለሚሆን ፓኬት ብዙ ጊዜ 2,048 ባይት ይወስዳል። ሁለቱ መጋዘኖች እኩል በእኩል ካደጉ ሙሉ ፓኬቶች እየጠፉ ነው። ይዘቱ ብቻ ካደገ፣ ወይም መዝገቡ ብቻ፣ ፍለጋሽ በግማሽ ቀለለ።

ሂሳቡን በወረቀት ሥሪው። በሰከንድ 50,000 ፓኬት በሚያሳልፍ ማሽን ከ100,000 አንዱ ብቻ ቢጠፋ በ2 ሰከንድ አንድ ማለት ነው፤ በቀን 43,200። እያንዳንዱ 2,304 ባይት ቢይዝ በቀን ወደ 100 ሜጋባይት ይጠጋል። 4 ጊጋባይት ያለው ማሽን ከአንድ ወር ጥቂት አልፎ ይወድቃል ማለት ነው። ይህን ሂሳብ የምወደው ወደ ኋላም ስለሚሠራ ነው፤ በቀን የጠፋውን ዕቃ ቁጥር ካወቅሽ፣ በቀን ያን ያህል ጊዜ የሚሆነው ነገር ምንድን ነው ብለሽ ትጠይቂያለሽ። የኤአርፒ ጥያቄ ነው? የዲኤችሲፒ እድሳት ነው? የተቆረጠ ግንኙነት ነው? አንዳንዴ ቁጥሮቹ ከሞላ ጎደል ይገጥማሉ፤ ኮድ ሳትከፍቺ የት እንደምትፈልጊ ታውቂያለሽ።

ሁለት ጥንቃቄ ግን አለ። ከርነሉ መጠናቸው የሚመሳሰል መጋዘኖችን በአንድ ስም ይደባልቃል፤ የአንዱ ጥፋት በሌላው ስም ይመዘገባል። ማሽኑ ሲነሳ ስላብ ኖመርጅ የተባለውን አማራጭ ስጪው፣ እያንዳንዱ በየስሙ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ አዳዲስ ድራይቨሮች የሚቀበሉትን ፓኬት ከስላብ ሳይሆን በቀጥታ ከገጽ ያወጣሉ። ነፃ ሜሞሪ እያለቀ ስላቡ ካላደገ ፔጅ ኦነር የተባለውን መከታተያ አብሪ፤ እያንዳንዱን ገጽ ማን እንደወሰደው በጥሪ ቅደም ተከተሉ ይነግርሻል።

4. የእያንዳንዱን ፋንክሽን ርክክብ በልብሽ ያዢ። ከሁሉም ምክሬ በላይ ይህን አጥብቂ። የኔትወርክ ኮድ ውስጥ አንድ ፓኬት ከኔትወርክ ካርዱ እስከ ፕሮግራሙ ሲደርስ በብዙ እጅ ያልፋል፤ ነገሩ ሰላም በሆነ ጊዜ ርክክቡ ግልጽ ነው። ችግሩ አንዱ "አልተሳካም" ሲል ነው። ያልተሳካ ጊዜ ፓኬቱ የማን ነው? መልሱ ከፋንክሽን ፋንክሽን ይለያያል፣ ከስሙም አይታወቅም።

ፓኬትን ለመላክ የሚጠራው ዴቭ ኪው ኤክስሚት ቢሳካም ባይሳካም ፓኬቱን ይረከባል፤ ከጠራሽው በኋላ መንካት የለብሽም። ፓኬትን ወደ ሶኬት ወረፋ የሚያስገባው ሶክ ኪው አርሲቪ ኤስኬቢ ግን ካልተሳካለት ፓኬቱን አንቺው እጅ ላይ ይተወዋል፤ መልቀቅ ያንቺ ግዴታ ነው። ትንሽ ፓኬትን በዜሮ የሚሞላው ኤስኬቢ ፓድ ካልቻለ ራሱ ለቅቆት ይመለሳል፤ ከራስጌው በቂ ባይት መኖሩን የሚያረጋግጠው ፒኤስኬቢ ሜይ ፑል ካልቻለ ግን አይነካውም። ሁለቱ በአንድ ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን ሲጠሩ ታያለሽ። የመጀመሪያውን ያወቀ ሰው ሁለተኛውን በዚያው ልማድ ከጻፈ ሜሞሪው ያፈስሳል፤ በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ የተለቀቀ ሜሞሪ ሁለት ጊዜ ይለቀቃል፣ እሱም የባሰ ነው።

ድራይቨር ከምትጽፍ ሰው ጋር ከሠራሽ ይህን ደግመሽ ንገሪያት። ከርነሉ ላኪ ብሎ ፓኬት ሲሰጣት መመለስ የምትችለው ሁለት ነገር ነው። "እሺ" ካለች ፓኬቱ የእሷ ሆኗል፤ ብትጥለውም መልቀቅ የእሷ ሥራ ነው። "አሁን አልችልም" ካለች ፓኬቱ የከርነሉ እንደሆነ ይቀራል፣ ቆይቶ ደግሞ ያመጣዋል፤ ስለዚህ ልትለቀው አይገባትም። ለካርዱ የሜሞሪ አድራሻ ማዘጋጀት ሲያቅተው "እሺ" ብሎ የሚመለስ፣ ፓኬቱን ግን ሳይለቅ የሚሄድ ድራይቨር በተደጋጋሚ የተገኘ ጥፋት ነው።

ከሌላ ሥርዓት የመጡ ሰዎችን ኮድ በተለይ መርምሪ። በፍሪቢኤስዲ የፓኬቱ ቁራጭ ኤምበፍ ይባላል፤ አንዱ 256 ባይት ነው፣ መደበኛው ክላስተር 2,048 ባይት ይይዛል። እዚያ የፓኬቱን ራስጌ የሚሰበስበው ኤም ፑልአፕ ካልተሳካለት ሰንሰለቱን በሙሉ ለቅቆ ባዶ ይመልሳል። በሊኑክስ የዚያው ሥራ አቻ እንደነገርኩሽ አይለቅም። ከአንዱ ወደ ሌላው የተገለበጠ ኮድ ይህን ልዩነት ይዞት ይመጣል። ስለዚህ የምትጠረጥሪውን ፋይል ስትከፍቺ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አስምሪ፦ ሲሳካ የማን ነው፣ ሲከሽፍ የማን ነው። ከፋንክሽኑ በላይ የተጻፈውን ማብራሪያ አንብቢ፤ ከዚያ ግን የፋንክሽኑን ሥጋ ራሱን አንብቢ። ሁለቱ ካልተስማሙ እውነቱ ኮዱ ነው።

5. ከሽፎ የሚመለሰውን መንገድ ቀድመሽ መርምሪ። ሲሳካ የሚሄድበት መንገድ በቀን ሚሊዮን ጊዜ ስለሚሮጥ እዚያ ያለ ጥፋት ቶሎ ይታያል። በከርነል ኮድ አንድ ፋንክሽን በመሐል ሲከሽፍ ወደ መጨረሻው ዘልሎ የያዘውን ሁሉ በተያዘበት ተገላቢጦሽ እየለቀቀ ይወጣል፤ ጎቱ የምንለው። ይህ ሥርዓት መልካም ነው፤ ደራሲው ጠንቅቆ ይጽፈዋል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ይመጣና በመሐል አንዲት ማረጋገጫ ይጨምራል፣ "ቁጥሩ ልክ ካልሆነ ተመለስ" የምትል። መዝለል ሲገባው በቀጥታ ይመለሳል። ያቺ መስመር የምትሮጠው ቁጥሩ ልክ ያልሆነ ዕለት ብቻ ነው። ፋንክሽኑ ውስጥ ከምደባው በታችና ከመዝለያው ምልክት በላይ በሚገኝ በእያንዳንዱ ቀጥተኛ መመለስ ላይ ጣትሽን አስቀምጪ።

ዓይን ብቻ አይበቃም። ከርነሉ ፌይልስላብ የተባለ መሣሪያ አለው፤ የሜሞሪ ምደባ ሆን ብሎ እንዲከሽፍ ያደርጋል። አንደኛውን ምደባ አክሽፊ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ቀጥሎ ሦስተኛውን። በዓመት አንድ ጊዜ የሚሄድበት መንገድ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ይሮጥልሻል።

6. ኬሜምሊክን ተጠቀሚ፣ ግን የማያየውን እወቂ። ይህን መሣሪያ የጻፈው ካታሊን ማሪናስ ነው፤ ወደ ሊኑክስ የገባው በ2009 በ2.6.31 እትም ነው። የተመደበውን ሁሉ ይመዘግባል፣ በየ10 ደቂቃው ደግሞ ሜሞሪውን ያስሳል፤ ማንም የማያመለክትበትን ቁራጭ ሲያገኝ መጠኑን፣ የመጀመሪያ ባይቶቹን፣ ማን እንደመደበው ከነጥሪ ቅደም ተከተሉ ያወጣልሻል። አሠራሩ እንዲህ ይሁን፦ የድሮውን ዝርዝር በ"ክሊር" አጽጂ፣ ጥርጣሬሽን የሚያስነሳውን ሥራ አሠሪ፣ በ"ስካን" አስሺ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይተሽ ድገሚ። የተመደበ ሁሉ አዲስ እያለ ስለማይቆጠር አንድ ጊዜ ብቻ አስሶ "ምንም የለም" ማለት አይበቃም።

በቀጥታ በገጽ የተወሰደን ሜሞሪ አይከታተልም። ከዚህም የሚከፋው፣ አንድ ሰው ያለ አግባብ ይዞት የቀረ ነገር አሁንም ከአንድ ዝርዝር ላይ ካለ፣ ለኬሜምሊክ ሁሉ ነገር ሰላም ነው፤ አመልካች አለውና። ስለዚህ ዝምታው ንጽህናን አያረጋግጥም። ማሽኑንም ስለሚያዘገይ ለደንበኛ አገልግሎት በሚሰጥ ሰርቨር ላይ አታብሪው፤ አምሳያውን ሠርተሽ እዚያ ሞክሪ። አምሳያው ሲነሳ ሜሞሪው እንዲያንስ ብታደርጊ ደግሞ ውጤቱ ፈጥኖ ይመጣል።

7. የጠፉትን ፓኬቶች ራሳቸውን ጠይቂያቸው። በዚህ ጉዳይ ልቤ ይነካል፤ ምክንያቱም ትልቁ ማስረጃ ዓይን እያየው ይታለፋል። የፈሰሰ ፓኬት ባዶ ሜሞሪ አይደለም። በየትኛው ካርድ እንደገባ፣ ርዝመቱ ስንት እንደሆነ፣ የምን ፕሮቶኮል እንደሆነ፣ ከማን ወደ ማን ይሄድ እንደነበር በውስጡ ተጽፏል፤ ማንም ስላልለቀቀው አልተሰረዘም። በ1ኛው ምክር ያስቀመጥሽውን የሜሞሪ ቅጂ ክራሽ በተባለው መመርመሪያ ክፈቺና በኤስኬቢ መጋዘን ያሉትን አውጪ። መቶ ያህሉን ብቻ እዪ። ከኢተርኔት ራስጌው 13ኛውና 14ኛው ባይት 0800 ከሆነ አይፒቪ4 ነው፣ 0806 ከሆነ ኤአርፒ ነው። መቶውም ኤአርፒ ከሆኑ፣ ወይም ሁሉም በአንድ ቪላን የገቡ፣ ወይም ሁሉም ከተፈቀደው ርዝመት ያለፉ ከሆኑ፣ ከሺዎች ፋይል ውስጥ ወደ ሁለት ሦስቱ ወረድሽ። ከዚያ ያንኑ ዓይነት ፓኬት ራስሽ አዘጋጅተሽ አንድ ሺህ ላኪ፤ መጋዘኑ በአንድ ሺህ ካደገ ከእንግዲህ ጥርጣሬ አይደለም።

ማሽኑ በሕይወት ሳለ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ሊኑክስ ፓኬትን የሚለቀው በሁለት ስም ነው፦ የተጣለ ከሆነ ኬፍሪ ኤስኬቢ፣ ሥራውን ጨርሶ ከሆነ ኮንሲዩም ኤስኬቢ። ሁለቱም ላይ መከታተያ ነጥብ አለ። ከ5.17 እትም ጀምሮ የተጣለው ለምን እንደተጣለ ምክንያቱም አብሮ ይነገራል። የጠፋው ፓኬት ከሁለቱም ላይ ስለማይገኝ፣ አብረውት የገቡት እስከ የት ተጉዘው እንደወጡ ካየሽ እሱ የቀረበትን ቦታ ታጠብቢያለሽ።

8. ስሙ የተጠራውን ሁሉ ጥፋተኛ አታድርጊ። የቆጠራ ሊክ የሚባል አለ፦ ሜሞሪው አይጠፋም፣ "ስንት ሰው ይዞታል" የሚለው ቁጥር ግን ወደ ዜሮ አይወርድም። ኮንቴይነር የሚያሠሩ ሰዎች ለዓመታት በየ10 ሰከንዱ የሚደጋገም አንድ መልእክት ያዩ ነበር፤ ከርነሉ ሎ የተባለው፣ ማሽኑ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት የኔትወርክ መሣሪያ እስኪለቀቅ እየጠበቅኩ ነው፣ ቁጥሩ 1 ላይ ቆሟል ይላል። የኔትወርክ ኔምስፔሶች ማጽጃ እዚያው ስለሚቆም ሌሎቹም ተራ ይጠብቃሉ። ብዙዎች ሎን ራሱን ሲመረምሩ ከረሙ፤ ሎ ግን ንጹሕ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ የመንገድ መረጃ፣ ዲኤስቲ የምንለው፣ የሚወጣበትን ካርድ ይዞ ይቆያል። ካርዱ ሲነቀል አሁንም የሚሠራበት ዲኤስቲ ካለ፣ ከርነሉ ካርዱን ነፃ ለማውጣት ያንን ዕዳ ወደ ሎ ያዛውረው ነበር። ዲኤስቲውን ያልለቀቀው ሌላ ቦታ ያለ ኮድ ነው፤ ዕዳው የተገኘው ግን ሎ ላይ ነው። በ2019 በ5.3 እትም እንዲህ ያለው ዕዳ ለዚሁ ወደ ተሠራ ብላክሆል መሣሪያ እንዲዛወር ተደረገ።

ቁጥሩ ብቻውን ማን እንደያዘ ስለማይናገር፣ ኤሪክ ዱማዜ እያንዳንዱን መያዝ ከነጥሪ ቅደም ተከተሉ የሚመዘግብ መከታተያ ጽፎ በ2022 በ5.17 እትም ገባ። አንቺም እንዲህ ያለ ሊክ ከገጠመሽ ይህን መከታተያ አብርተሽ ከርነሉን እንደ አዲስ ሥሪው። ከመልእክቱ ሥር ያልመለሰው ሰው ከነአድራሻው ይወጣልሻል።

9. የድሮው እትም ደህና ከነበረ ጊት ባይሴክትን አሠሪ። በሁለት ተከታታይ እትሞች መካከል ከ10,000 በላይ ለውጥ አለ፤ እየከፈልሽ ብትሄጂ 14 ሙከራ ያህል ይበቃሻል። እያንዳንዱ ሙከራ ቀናት የሚፈጅ ከሆነ ግን አትጀምሪው፤ መጀመሪያ በ7ኛው ምክር እንዳልኩሽ ሊኩን በደቂቃዎች የሚያሳይ መንገድ አብጂ።

10. ማስተካከያውን በወጉ ጻፊ። ብዙ ጊዜ አንዲት መስመር ናት፤ አንድ መልቀቅ ወይም በቀጥታ በመመለስ ፈንታ አንድ መዝለል። መስመሯን ከመጨመርሽ በፊት በ4ኛው ምክር ወዳሰመርሽው ወረቀት ተመለሺና ወደዚያ ቦታ የሚያደርሱትን መንገዶች ሁሉ ቁጠሪ፤ ከመካከላቸው አንዱ ቀድሞ የለቀቀ ከሆነ ሊኩን ወደ ድርብ መልቀቅ ቀይረሽዋል። ያንኑ ፓኬት ያንኑ ያህል ላኪ፣ ከዚያም ፌይልስላብን አብርተሽ ድገሚ። ከሩቅ ያለ ሰው ፓኬት እየላከ ማሽን ሊጥልበት የሚችል ጥፋት ከሆነ በአደባባይ ከማውጣትሽ በፊት ለከርነሉ የደኅንነት ቡድን በምስጢር አሳውቂ። ያለዚያ ወደ ኔትወርኩ ክፍል ኃላፊዎች ላኪው። መግለጫው ላይ ፓኬቱ በየት በኩል ገብቶ በማን እጅ እንደቀረ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ግለጪ፣ ሊኩን የሚያሳየውንም መሞከሪያ አያይዢ። ከሥሩ ደግሞ "ፊክስስ" በሚለው መስመር ጥፋቱን ያስገባውን የድሮ ለውጥ መለያ፣ የመጀመሪያዎቹን 12 ፊደላት፣ ከነርእሱ ጻፊ። ነባር እትሞችን የሚጠብቁት ሰዎች ማስተካከያሽ ወደ የትኞቹ መውረድ እንዳለበት የሚያውቁት በዚያ መስመር ነው፤ ያለዚያ መስመር የድሮው ከርነል በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ማፍሰሱን ይቀጥላል።